ዳይናሞውን ማን ጠቀለለው?

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለነው አምስት ሰዎች ነን፤ ማንም በማያውቀው ሰው ላይ እንዳይፈርድ አስቀድሜ ላስተዋውቃችሁ። አንደኛው እኔ የሱፍ ነኝ፤ ቆቦ ላይ ሃያ ዓመት ዳይናሞ የጠቀለልኩ፣ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ የቀረውን ከተቃጠለ ሞተር የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ዘምዘም ናት፤ ነርስ ናት፣ በሙያዋ ተቀጥራ ከእኛ አራት ዓመት ቀድማ ጀርመን ገባች። ሦስተኛዋ ልጃችን ሙና ናት፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ትማራለች። ተማሪዎች በገዛ እጃቸው የኤሌክትሪክ የውድድር መኪና እየሠሩ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚወዳደሩበት ቡድን አለ፤ የዚያ ቡድን አባል ነበረች። «ነበረች» ማለቴን ልብ በሉልኝ። አራተኛው የቡድኑ አለቃ ዮናስ ነው፤ ስሙ የአገራችንን ሰው ይመስላል፣ ፀጉሩ ግን የጤፍ ገለባ ነው። አምስተኛው ጌታቸው ነው፤ ቆቦ የቀረ ጓደኛዬ፣ ሽንኩርት አምራች፣ ከወረዳው ሰው ሁሉ በላይ ፓምፕ ያቃጠለ ሰው።

ስደተኛ በሌሊት ይወጣል ትላላችሁ። እኛ ከቆቦ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ማልደን መናኸሪያ ብንደርስም ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ተጎልተን ዋልን። ሱቄ በጦርነቱ ሁለት ጊዜ ተዘርፏል፤ በሁለተኛው ጊዜ ሽቦ መጠቅለያ እንጨቶቼን እንኳ አልተዉልኝም፤ ምን ሊያደርጉባቸው እንደሆነ አላህ ይወቅ። ዘምዘም ወረቀታችንን ጨርሳ «ኑ» ስትለን የምሰናበተው ሰው እንጂ የምቆልፈው ነገር አልነበረኝም። ጌታቸው አንድ እቅፍ ጥንቅሽ ይዞ ሊሸኘን መጣ።

«የሱፌ፣ አንተ ስትሄድ ፓምፔን ማን ያየዋል?» አለኝ።

«ቀስ ብለህ አስነሳው። አይቃጠልም።»

«ወላሂ አንተ ከሌለህ እኔም ማቃጠሉን እተወዋለሁ።»

ክርስቲያን ነው፤ ሲምል ግን በእኛ ነው የሚምለው። ሳቅን። ሚኒባሱ ሲነሳ ፊቱን አዞረ። ሮቢትን እስክናልፍ ሙና በኋላ መስታወት ስታይ ነበር፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ጥንቅሹን ወልድያ ሳንደርስ ጨረስነው፤ ልጣጩን በመስኮት አልጣልንም፣ እንዲህ አላሳደግኋትም።

ስለ አገሩ ብዙ አላወራም። ፀሐይ አለ፣ አያሞቅም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ በሉት። ዳቦው ጥርስ ይፈትናል። ማሽላ አጣሁ ብዬ ሦስት ወር ከፈለግሁ በኋላ አንድ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ከረጢት አገኘሁት፤ ከላዩ የወፍ ሥዕል አለበት። የወፍ መኖ ነው። እኛ ማማ ላይ ወጥተን በወንጭፍ ወፍ የምናባርርለትን እህል እነዚህ ሰዎች ገዝተው ለወፍ ይበትናሉ! ያን ዕለት ምሳ አልበላሁም።

ሥራ ፍለጋ የሥራ ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛዋ ቅጽ ከፍታ ጠየቀችኝ።

«ሙያ?»

«ዳይናሞ እጠቀልላለሁ።»

«አውስቢልዱንግ?» ሥልጠና ማለቷ ነው፤ እዚህ ያለ እሱ መጥረጊያም አያስጨብጡም።

«አለኝ።»

«ማን አሠለጠነዎት?»

«የተቃጠለ ሞተር። እፈታዋለሁ፣ ዙሩን እቆጥራለሁ፣ እንደነበረ እመልሰዋለሁ።»

«ይህ ትምህርት ቤት ነው?»

«ትምህርት ቤት የሞተርን ያህል አይቆጣም።»

አልሳቀችም። ቅጹ ላይ «ሙያ የለውም» ብላ ጻፈች፤ አዙራም አሳየችኝ፣ እንድፈርም። ፈረምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ።

አከራያችንም ከእሷ አይሻልም። ምድር ቤት ያለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ሞተሩ ሲጮህ ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ያልፋል። አንድ ቀን ፈትቼ ኩሽኔታውን ቀየርኩለት። በሳምንቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ። ወርጄ ጠየቅሁት፦ «ሠራ ወይስ አልሠራም?»

«ሠርቷል፤ ግን አልተፈቀደልህም። ፌርቦተን!» ክልክል ነው ማለቱ ነው።

«ተበላሽቶ ሲጮህስ ማን ፈቅዶለት ነው?»

«ያ ሌላ ጉዳይ ነው» አለኝና በሩን ዘጋ።

ይህን የምነግራችሁ ወደ ዋናው ነገር ስደርስ ምን ዓይነት እጅ ይዤ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም «እስቲ ይህን እይልኝ» ያላለው እጅ ነበር።

ሙና ቡድኑ ውስጥ ስትገባ ደስ አለኝ። ሃያ ስድስት ተማሪዎች ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ እንቅልፍ ይሠራሉ። አንዱ ባትሪ፣ አንዱ ፍሬን፣ አንዱ የመኪናዋን ቅርፊት ይይዛል። በዚያ ዓመት ሞተሩን ከፋብሪካ ከመግዛት ራሳችን እንጠቅልለው ብለው ወሰኑ፤ የጥቅለላውን ሥራ ለሙና ሰጧት። ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቄ እየመጣች ዙር ትቆጥርልኝ ስለነበር ከሁሉም ትሻላለች። ለአንድ ዓመት ስለዚያ ሞተር ብቻ አወራች። ዘምዘም «እራት ላይ እንኳ ይጠቀለላል እኮ» እያለች ትስቅባት ነበር።

ለውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀር ሞተሩ ሾርት አድርጎ ተቃጠለ። እሑድ ቀን ምሳ ይዤላት ወርክሾፓቸው ሄድኩ። ሙና አዲሱን ሽቦ በብረቱ ቦዮች ውስጥ ታስገባለች፤ አጠገቧ አንዱ ልጅ ሽቦውን በካቻቢቴ እየገፋ ያግዛታል። በካቻቢቴ! የሽቦው ቆዳ ተፋቀ ማለት ነው፣ ተፋቀ ማለት ደግሞ ይቃጠላል ማለት ነው። ምሳውን ወለል ላይ አስቀምጬ ጮህኩ። ይህን ያህል የተማረ ሰው በተሰበሰበበት እንጨት ቀርጾ በእንጨት መግፋትን የሚያውቅ አንድ ጠፋ?

ዮናስ ሮጦ መጣና «ሄር የሱፍ፣ እባክዎ ያሳዩን» አለ፤ «ሄር» አቶ ማለታቸው ነው።

እንግዲህ በእኛ ሙያ ማሳየት ማለት መሥራት ነው። ሙና ወንበሯን ለቀቀችልኝ፤ ተቀመጥኩ፤ ከሳጥን እንጨት መግፊያ ቀረጽኩና የመጀመሪያውን ጥቅል አስገባሁ። ቀጥሎ ሁለተኛውን። ቆቦ ላይ በሽንኩርት ወቅት የአንድ ሰው ፓምፕ ከተቃጠለ እኔ ሱቄን አልዘጋም፤ ማሳው ይደርቃላ! ጅጌ፣ ማለትም ደቦ፣ የተጠራ ሰው ማጭዱን ይዞ ይደርሳል እንጂ ማን ፈቀደ ብሎ አይጠይቅም። ሦስት ቀን እንደዚያ ሠራሁ። ከመጋዘኑ አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ያን ውሸት ለራሴ ይቅር አላልኩም።

በመጀመሪያው ቀን ሙና «አባ፣ አሳየኸኝ እኮ፤ በቃ አሁን እኔ ልያዘው» አለችኝ።

«እያየሽ አይደል?»

በሁለተኛው ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ «አባ፣ የውድድሩ ሕግ አይፈቅድም። መኪናዋን የተማሪ እጅ ብቻ ነው የሚነካት። ባለሙያ ይመክራል እንጂ አይሠራም። ሁላችንም ፈርመንበታል» አለችኝ።

«ሰው ሲቸገር ቆመህ እይ የሚል ሕግ የት አገር አለ? እጅሽን አንሺ፣ ሽቦውን ታጣምሚብኛለሽ።»

ዮናስን ጠየቀችው። «አባትሽ እኮ እያስተማረን ነው፤ ችግር የለውም» አላት። ሕጉን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ አለቃ ነዋ። በስልኩ ፎቶ ያነሳኛል፣ ቡና ያቀብለኛል፣ «ድንቅ! ድንቅ!» ይላል። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ሲነሳ እንደ ንብ ነበር ድምፅ የሚያሰማው። ሃያ ስድስቱም አጨበጨቡልኝ። ሙና ጥግ ላይ የሽቦ ቁርጥራጭ ስትጠርግ ነበር።

ውድድሩ በሐምሌ ነው። ከመሮጣቸው በፊት ዳኞች በየመኪናው እየዞሩ እያንዳንዱን ነገር ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደዚያ እንደሠራው ተማሪዎቹን ይጠይቃሉ። እኔና ዘምዘም ከወላጆች ጋር ከገመዱ ወዲህ ቆመናል። አንድ ሽበታም ዳኛ ሞተሩን በባትሪ መብራት ረጅም ጊዜ አየው።

«ማን ጠቀለለው?»

ዮናስ ፈጥኖ «ሙና ናት» አለ።

ዳኛው ወደ እሷ ዞሮ «ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ እጅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። የት ተማርሽው?» አላት።

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ሳልደብቅ እጽፋለሁ። ልጄን ውሸት እንዳትናገር ብዬ አሳድጌያለሁ፤ ለአንዲት የሳንቲም ውሸት ቀን ሙሉ አኩርፌያት አውቃለሁ። በዚያች ደቂቃ ግን በልቤ «ዋሺ፣ ሙና፣ ዋሺ» አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያ ሰው ማን እንደሠራው እንዲያውቅ፣ ስሜ እንዲጠራ ፈለግሁ። ሁለቱንም ፈለግሁ።

ሙና አየችኝ። ከዚያ ወደ ዳኛው ዞራ «እኔ አይደለሁም። አባቴ ነው የጠቀለለው። እኔ ሽቦ አቀብዬዋለሁ» አለች።

ዳኛው መዝገቡን አጠፈ። ዮናስ ቀይ ሆኖ «እኛ ምክር ብቻ የሰጠ መስሎን ነው፤ አላወቅንም» ብሎ ጀመረ። ይህን ጊዜ ገመዱን አልፌ ገባሁ።

«አላወቅንም? ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ቆመህ ፎቶ ስታነሳኝ አልነበርክም?»

ዳኛው ቀና ብሎ «ፎቶ አለ?» አለ።

ዘምዘም ከኋላዬ «አንተ ሰው፣ ዝም በል!» አለችኝ፤ ግን ካልኩት በኋላ ነው። ዮናስ ስልኩን አውጥቶ አሳየ። እዚያ ላይ እጄ ሞተሩ ውስጥ ነው፤ ፊቴ ይስቃል። መኪናዋ ከዋናው ሩጫ ታገደች። የሌሎቹ መኪናዎች ሲዞሩ የእኛ ድንኳን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቆመች።

በሳምንቱ ቡድኑ ተሰብስቦ ሙናን አስወጣት። ምክንያቱ «የቡድኑን እምነት ስላጎደለች» ይላል። እስቲ ፍረዱ! የዋሸው አለቃ ሆኖ ቀረ፣ እውነት የተናገረችው ወጣች። ደብዳቤ ልጽፍ ተነሳሁ፤ ለዩኒቨርሲቲው፣ ለዳኞቹ፣ ለሚሰማኝ ሁሉ። ሙና ብዕሩን ከእጄ አልነጠቀችኝም፤ እሷ እንደ እኔ አይደለችም። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ዮናስ ላይ አትጩህ፣ አባ። እሱ የከለከለኝ ውድድር ነው፤ ውድድር ከርሞም አለ። ሞተሩን ግን አንተ ነህ የወሰድክብኝ። ብሳሳት እኔው እሳሳት ነበር።»

አለኝ ብዬ የማስበው መልስ ሁሉ ቁጣ ነበር።

እኔን የሚረዳኝ ጌታቸው ነው ብዬ ቆቦ ደወልኩ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ነገርኩት።

«ወላሂ እነዚህ ሰዎች አብደዋል!» አለ። «የሚረዳ ሰው ይቀጣል እንዴ?»

«እኮ!»

ከዚያም «ግን የሱፌ፣ አትቆጣኝና አንድ ነገር ልበልህ?» አለኝ።

«በል።»

«አንተ ከሄድክ ወዲህ እዚህ ፓምፕ ሲቃጠል ወልድያ ነው የምንወስደው። ዘንድሮ የእኔ እዚያ ተራ ሲጠብቅ ሽንኩርቴ ደረቀብኝ። ሃያ ዓመት ሠርተህ አንድ ሰው አላስተማርክም እኮ። ከዋጃ ድረስ እየመጡ አስተምረን ብለው የለመኑህ ልጆች ትዝ ይሉሃል? ‹ቁጭ ብለህ እይ› ትላቸዋለህ። ያያሉ፣ ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ሽቦውን ለማን ሰጥተህ ታውቃለህ?»

«ያበላሹታላ!» አልኩት።

«ታዲያ ያበላሹታ!» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ እንዲያውም ሳቅ ብሎ ነበር። ሰላምታ ለዘምዘም ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትወጡ ሁሉ ነው የምጽፈው። በዚህ አገር ሕግ ላይ ያለኝ ቁጣ አልበረደም፤ ለሰው መድረስን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ ምን እንደሆነ ዛሬም አይገባኝም። የዮናስንም ነገር ይቅር አላልኩም። ሆኖም ሌላውን ብቻ ከስሼ ብዕሬን ባስቀምጥ ልጄ ከምትናገረው እውነት ግማሹን እንኳ አልተናገርኩም ማለት ነው። ስለዚህ ያስከፈለንን ሁሉ እነሆ፦ ሃያ ስድስት ልጆች የዓመት ልፋታቸው በሸራ ሥር ቀረ። ዮናስ አለቅነቱን አላጣም፤ ግን ሙና መንገድ ላይ ስታገኘው ሰላም አትለውም፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል ይላሉ። ጌታቸው የአንድ ወቅት ሽንኩርት አጥቷል፤ እሱን ያስከፈልኩት ሰው ሳላስተምር የሄድኩ ጊዜ ነው። ዘምዘም ከሆስፒታል ደክሟት ትመጣና በእኔና በልጇ መካከል ተቀምጣ የአንዳችንን ቃል ለሌላው ታቀብላለች።

ባለፈው ወር ሙና የትምህርት ዘርፏን ቀየረች። ሞተር ትታ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚጻፍ ነገር መማር ጀምራለች፤ እኔ የማላነበው፣ የሚጨበጥም ነገር የሌለው። ራሷ አልነገረችኝም፤ ከዘምዘም ነው የሰማሁት። ስትመጣ ጠብቄ «ወደሽው ነው ወይስ በእኔ ምክንያት?» አልኳት።

ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ቀና ሳትል «እጅህ የማይደርስበት ስለሆነ ነው፣ አባ» አለችኝ።