ጓያ ያልተጠቀሰበት መጽሐፍ

ዳንግላ ሥራ የጀመርኩት በገበያ ቀን ነው። ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነበር፤ ጎንደር የማኅበረሰብ ነርስነት ተምሬ መውጣቴ ነው። አለቃዬ፣ ጤና መኮንኑ አቶ ጌታሁን፣ ከሳጥን ውስጥ የሕፃናት ሚዛን አውጥተው ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ላይ አሰቀሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሚዛኑ ከሥሩ መንጠቆ አለው። ሕፃኑ የሸራ ሱሪ ውስጥ ይገባና መንጠቆው ላይ ይንጠለጠላል፤ መርፌው ኪሎውን ያሳያል።

ማንም አልቀረበም። በመጨረሻ ከዘንገና በኩል የመጣች እናት ለድሬሰሩ ለአያ ካሴ በአገውኛ አንድ ነገር ነገረችው። አያ ካሴ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ያስተረጉማል። ምን አለች ብዬ ጠየቅኩት።

«ልጄ ሥጋ አይደለም፣ መንጠቆ ላይ አላወጣውም ነው የምትለው።»

ሸራውን አስቀምጬ አንቀልባዋን እንድታውሰኝ ለመንኳት። መጀመሪያ አንቀልባውን ብቻ፣ ቀጥሎ ልጁን ከነአንቀልባው መዘንኩና ልዩነቱን ካርዱ ላይ ጻፍኩ። ልጁ አላለቀሰም። ከዚያ ወዲያ ሸራውን የማወጣው ከጠቅላይ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ሆነ።

ከሥራው ከባዱ እብጠቱ ነበር። ጡት የተወ ልጅ ለወራት ድንችና የገብስ ቂጣ ብቻ ሲበላ ፊቱና እግሩ ያብጣል፣ ጠጉሩ ሳስቶ ይቀላል። እናቶች ወፈረ ብለው ደስ ይላቸዋል። ወተትና ባቄላ የገባበት ገንፎ ስንሰጠው መጀመሪያ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሚዛኑም ይወርዳል። አንዲት እናት ይህን አይታ ልጄን አከሳችሁብኝ ብላ ይዛው ሄደች። ሁለት ሳምንት ቆይቼ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። ልጁ ደጅ ላይ ከጥጃ ጋር ይሯሯጣል። እሷ ግን ስታየኝ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

በየቀኑ የምደጋግመውን ምክር ጻፊው ያሉኝ አቶ ጌታሁን ናቸው። ጽፌ ስጨርስ ትንሽ መጽሐፍ ወጣው። ዋናው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ሁለት እጅ ገብስ ወይም ዳጉሳ ከአንድ እጅ ማንኛውም ጥራጥሬ ጋር ቆልታችሁ ፈጩ። «ማንኛውም» ያልኩት ሰው ቤቱ ያለውን እንዲጠቀም ብዬ ነው።

መጽሐፉ ተባዝቶ ለየወረዳውና ለየትምህርት ቤቱ ተላከ። ፎቶዬ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አዲስ አበባ መጥቼ ንግግር እንዳደርግ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጫግኒ ስወርድ አንድ ጨው ነጋዴ፣ ሐጂ ሰይድ፣ ፎቶዬን ሱቃቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውት አገኘሁ። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ለጉዞው ሳምንት ሲቀረኝ አቶ ፈንታ የሚባሉ ገበሬ ከእንጅባራ ልጃቸውን በበቅሎ ይዘው መጡ። ልጅቷ የሺ ትባላለች፤ ሦስተኛ ክፍል ነች። ተራመጂ አልኳት። በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆመች። ጉልበቶቿ ይጋጫሉ።

አባትየው ከጋቢያቸው ሥር መጽሐፌን አወጡ።

«ያነበበችልን እሷ ናት፣ ሲስተር። ክረምት ሲገባ ገብሱ አነሰ፤ ባቄላውም አለቀና የቀረን ጥራጥሬ ጓያ ሆነ። ጓያ እግር ይይዛል ሲባል ሰምቻለሁ አልኳት። ‹ማንኛውም ይላል አባየ› አለችኝ። የተማረ ሰው የጻፈው ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ገንፎው የተሠራለት ሕፃን ወንድሟ ጡት ስላልተወ ብዙም አልበላም። ገንፎውን በየቀኑ የበላችው እሷ ናት። ጓያ እግር እንደሚይዝ እኔም አውቅ ነበር፤ ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም።

አባትየው ይሻላት እንደሆነ ጠየቁኝ። እግሯ እንደድሮው እንደማይመለስ፣ እንዳይብስ ግን ጓያውን ዛሬውኑ ማቆም እንዳለባቸው ነገርኳቸው። ልጅቷ ትሰማ ነበር። አቶ ፈንታ መጽሐፉን ዘረጉልኝ።

«እንግዲያው ለሌላው ሰው ይንገሩ» አሉኝ።

አቶ ጌታሁን ነገሩን ሲሰሙ መጽሐፉ ጓያ ብሉ እንደማይል፣ ጥፋቱም የእኔ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ንግግሬን አድርጌ ስመለስ በሁለተኛው እትም እንዳርመው መከሩኝ።

«ጓያው የሚበላው አሁን ነው» አልኳቸው።

ለአዲስ አበባ የምቀርበትን ምክንያት ሳልደብቅ ጻፍኩ። በቦታዬ ሌላ ሰው ተናገረ፤ እኔንም ዳግመኛ የጠራኝ የለም።

መጽሐፉ የተላከባቸውን ቦታዎች ዝርዝር ይዤ ከአያ ካሴ ጋር በበቅሎ ወጣሁ። አዘና፣ እንጅባራ፣ ጫግኒ፣ በመካከል ያሉትም ትምህርት ቤቶች። ባገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ «ማንኛውም» የሚለውን ሰርዤ «ባቄላ፣ አተር ወይም ሽምብራ፤ ጓያ አይገባም» ብዬ በእጄ ጻፍኩ። በየገበያው አያ ካሴ ድንጋይ ላይ ቆሞ በአገውኛ ይናገራል። ሐጂ ሰይድን ፎቶዬን ከግድግዳው ያውርዱልኝ አልኳቸው። አላወረዱትም፤ ማስጠንቀቂያውን ከሥሩ እንድጽፍ ግን ቀለም ሰጡኝ። ያላገኘኋቸው መጻሕፍት ነበሩ። ማን እጅ እንደቀሩ አላውቅም።

የሺ በምርኩዝ እየሄደች ትምህርቷን ቀጠለች። የሁለተኛውን እትም ረቂቅ ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ለእናቷ እንድታነብላት ጠየቅኳት። ለመቀበሏ እርግጠኛ አልነበርኩም። ተቀበለችኝና አነበበች። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

«አንድ እጅ የሚሉት በማን እጅ ነው? የእናቴና የእኔ እጅ እኩል አይደለም።»

«እጅ» የሚለውን አጥፍቼ «ስኒ» ብዬ ጻፍኩ። አባቷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ እስከ በቅሎዬ ሸኙኝ።

ከእኔ በኋላ በዚህ ሥራ ለገባችሁ የምለው ይህን ነው። የእህሉን ስም ጻፉ፤ የማይበላውንም በስሙ ጻፉ። ከመታተሙ በፊት ደግሞ የሚያበስለው ሰው ቤት ወስዳችሁ አስነብቡት።