ሞጣ የቀረው ቦርድ

ታናሽ ወንድሜ አንድ የቴፕ ቦርድ ከልክሎኝ ሚስቴ የሞተች ልጃችንን ድምፅ ደግማ ሳትሰማ ደነቆረች። የተበደልሁት ይህን ነው። ፊደል የቆጠርሁት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነውና ጽሑፌ አያምርም፤ ነገሩም አያምርም።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ሁለት ቴፖች ነበሩበት። እንደ ካሴት ቴፕ አይደሉም፤ ክሩ እንደ ሳህን በሰፉ ሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር፣ ከባድ የድሮ ዕቃ ናቸው። አንዱን እኔ ቢቸና አስገባሁት፤ ሌላውን ወንድሜ ሞጣ ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ዳንቴል አለበሰው። የኔ ሥራ ሬድዮ ጥገና ነው። የኔን ፈታሁት፣ አቧራውን ጠረግሁ፣ ላስቲኮቹን ቀየርሁ፤ ሲሠራ ልጄ ከእናቷ ጋር ስትጫወት ድምፃቸውን ቀዳሁበት። በዓመቱ ልጄ ከአጎቶቿ ጋር ዓባይ ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት ተመለሰች። ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ እናቷ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ቴፑ ፊት ትቀመጣለች። "ክፈትልኝ" አትልም፤ ስትቀመጥ እከፍታለሁ። አንድ ቀን ጠፍቶ የነበረው መብራት ኃይሉ ጨምሮ መጣና ድምፁን የሚያወጣውን ቦርድ አነደደው። ክሩ ደኅና ነው፤ የሚያነበው ግን ጠፋ። ደጀን ወርጄ የተቃጠለውን ቦርድ ለከባድ መኪና ሹፌሮች እያሳየሁ አዲስ አበባ እንዲፈልጉልኝ ለመንሁ። አንዱ፣ "አባቴ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም ነው የሚገኘው" ብሎ ሳቀብኝ። ከካሴት ቴፕ ቦርድ አውጥቼ ሞከርሁ፤ እሱም ከጩኸት በቀር ምንም አላወጣ።

ሞጣ ሄድሁ። ወንድሜ እንግዳ ጋብዞ ነበር።

"ቦርዱን ስጠኝ። አንተ እንደሁ ከፍተኸው አታውቅም" አልሁት።

"ጋሼ፣ ሆዱ ከወጣ ሬሳ ነው። ሳሎኔ ውስጥ ሬሳ ላስቀምጥ?"

"ዳንቴል ለብሶ የለ! ሆዱን ማን ያይብሃል?"

"እኔ አውቀዋለኋ።"

እንግዶቹ ሳቁ። ያን ጊዜ ነው፣ "ልጅ ያልወለደ ስለ ልጅ ምን ያውቃል" ያልሁት። ሚስቱ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ እጇ ቆመ። ሳቁም ቆመ። ወንድሜ በሩን አሳየኝ።

ተኳርፈን ኖርን። የሚስቴ ጆሮ በዚያ መካከል እየራቀ ሄደ። መጀመሪያ ደወሉን አልሰማ አለች፣ ቀጥሎ ጎረቤት፣ ቀጥሎ እኔን። "አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ በል" ትለኝ ነበር። ከዚህ ሌላ አልወቀሰችኝም።

ሽማግሌ ላክሁ። ሽማግሎቹ ቦርዱን ወዲያ ትተው ስድቤን ያዙ። "ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ጠይቅ" አሉኝ። የተበደልሁ እኔ፣ ታላቁ እኔ፤ በታናሼ ደጃፍ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" እያልሁ አጎነበስሁ። ሚስቱ ከበሩ ኋላ ስታለቅስ ሰማኋት። ወንድሜ ድንጋዩን አወረደልኝ፤ ገብቶም ቦርዱን በገዛ እጁ ፈትቶ አመጣው።

"ውሰድ። ቀድሞስ ማን ከለከለህ?" አለኝ።

ሽማግሎቹ አጠገቤ ባይኖሩ ሌላ ድንጋይ አነሳ ነበር።

ቢቸና ገብቼ ቦርዱን በየድሁ። ሚስቴን አስቀምጬ እጇን ስፒከሩ ላይ አኖርሁላት። ክሩ ዞረ። ልጄ፣ "እማዬ፣ እንቆቅልሽ!" አለች፣ እየሳቀች።

ስፒከሩ መዳፏ ሥር ሲርበደበድ ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። "መጣች?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁላት። ጆሮው የጠፋ ሰው እንደሚጮኸው ጮኻ፣ "ምን አውቅልሽ!" አለች። ልጅቱ ግን እንቆቅልሹን ጨርሳ፣ አገር ተቀብላ፣ መልሱንም ተናግራ አልፋ ነበር። አልነገርኋትም። ክሩ አልቆ መዘውሩ ባዶውን እስኪዞር ድረስ እጇን አላነሳችም።

ከወንድሜ ጋር በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን። ሽማግሎቹ ነገሩ አለቀ ብለው መርቀው የተነሡት ሚያዝያ ፳፩ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም. ነው።