ዋልካ የመሰለን ጭቃ

ከጥቁሩ መሬት ዳር አፈሩን በምላሴ ነክቼ ጨው ጨው ሲለኝ፣ ያኔ ነው የፈራሁት። ቀና ስል ባለቤቴና ልጄ ከእኔ ርቀው ጥቁሩ ጭቃ መሃል ቆመዋል። የረገጡበት ሁሉ ውሃ ይሞላል። ዝናብ የለም፤ ውሃው ከታች ነው የሚመጣው።

ባለቤቴ አትላንታ አጠገብ፣ ዱሉዝ፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሕልሙ ጤፍ ዘርቶ አትላንታን ማጥገብ ነው። ባሕር ዳርቻ የሚከራይ እርሻ አለ ሲሉት፣ ገና ሳያየው እሑድ ቸርች ቆሞ እግዚአብሔር መሬት ሰጠን ብሎ መሰከረ። ቅዳሜ ከሎረንስቪል አምስት ሰዓት ነድቶ ወሰደን። መኪናው ውስጥ አርሶ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ከሦስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝና ማንም አልጠየቀኝ፤ ምሳውን አቅፌ ኋላ ተቀመጥኩ።

ባለመሬቱ፣ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ፣ ከፍ ያለውን አሸዋማ ማሳ አሳየን። አሸዋ ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ስኳር ድንችና ሐብሐብ ይስማማዋል ሲል ልጄ ተረጎመችልን። ባለቤቴ ለወግ ያህል እፍኝ ዘግኖ በጣቶቹ መሃል አፈሰሰው። ዓይኑ ግን ታች፣ ከሣሩ ማዶ የሚያብረቀርቀው ጥቁር መሬት ላይ ነበር።

"ዋልካ ነው" አለኝ በጆሮዬ፣ ወርቅ እንዳገኘ ሰው። በአገራችን ጥቁር መሬት ያየ ሰው ጤፍ ነው የሚታየው። ሽማግሌው ወደዚያ አትውረዱ ብሎ ነበር። ለራሱ ሊያስቀረው ነው አለ ባለቤቴ። ሰውየው ወደ ቤቱ ገባ ሲል፣ ቪዲዮ እንድትቀርጸው ልጄን ይዞ ወረደ።

ባሕር በየቀኑ ሸሽቶ እንደሚመለስ፣ መሬቱንም እንደሚሸፍነው ማን ነግሮን? ሁለታችንም ደጋ ነው ያደግነው።

ጨው ነው፣ ውጡ ብዬ ጮህኩ።

"የማዳበሪያ ጣዕም ይሆናል፣ አንቺ ደግሞ" አለኝ፣ እግሩን ሊነቅል እየታገለ። ጭቃው ጉልበቱን ይዞታል። ልጄ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

"ማሚ፣ ስታክ ሆንኩ፣ እግሬ አልወጣ አለ።"

አባቴ በክረምት ዋልካ የዋጠውን በሬ ሲያወጣ አይቻለሁ። ቀጥ ብሎ የሚታገል በሬ ይሰምጣል፤ በጎኑ ያስተኙታል፣ ሆዱ ሥር ቅጠል ያነጥፋሉ። ከመኪናው ምንጣፎቹን አወጣሁና እየወረወርኩ፣ ተኙና በሆዳችሁ ተሳቡ አልኳቸው። ልጄ ወዲያው ተኛች። ባለቤቴ ሸሚዙን ተመለከተ። ውሃው ቀበቶው ጋ ሲደርስ እሱም ተኛ። የእሑድ ጫማውን ለዋልካው ገብሮ በካልሲ ወጣ።

የቆሙበት ቦታ አሁን ባሕር ሆኗል። ሽማግሌው ከላይ ቆሞ ያየናል። ባለቤቴ ጭቃውን ከጢሙ ጠረገና ልጁን፣ ስኳር ድንች መቼ ነው የሚተከለው ብለሽ ጠይቂው አላት።

እኔ አሸዋው ላይ ተቀምጫለሁ፣ የልጄን ቁርጭምጭሚት እንደያዝኩ። አሸዋው ደረቅ ነው። ቆንጥሬ ቀመስኩት፤ ጨው የለውም።

"ደርሰናል፣ ድነናል" አልኳቸው።