ያልወረድኩበት ቁልቁለት

ባለፈው ወር፣ ጡረታ ከወጣሁበት የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ደውለው፣ አዲስ ለተቀጠሩ ወጣቶች ልምድዎን ያካፍሉልን አሉኝና ሄድኩ። ሻይና ዳቦ ቀረበ፤ ተጨበጨበልኝ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ እጇን አውጥታ፣ «አባባ፣ ከመረመሩት ሁሉ የማይረሳዎት የቱ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አንድ የመጋዘን ኃላፊና ስለ ድመቶቹ የሚያስቅ ታሪክ ነገርኳቸው። ሳቁ። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ልጅቷን ዋሽቻታለሁ። እውነተኛው መልስ ይህ ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ጥይት የበላው ጉልበት ይዤ ከምሥራቅ ግንባር ስመለስ፣ የአሥር አለቃነት ማዕረጌና ቁስሌ ተደምረው ፒያሳ ባለ አንድ የቁጥጥር ኮሚቴ ቢሮ ውስጥ ወንበር አሰጡኝ። ደርግ ወታደር ያምን ነበር፤ በተለይ የቆሰለ ወታደር። ሥራዬ፣ መሥሪያ ቤቶች ሠራን ያሉትን በእርግጥ መሥራታቸውን በዓይን ማየት ነው። ወድጄው ነበር። ከጦር ሜዳ ለመጣ ሰው፣ ማንም ሳይሞት የሚሠራ ሥራ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስደስት የሚያውቅ ያውቀዋል።

በሐምሌ፣ የእሳት አደጋ መኪኖች ውሃ የሚቀዱባቸውን የአራዳ የመንገድ ዳር ቧንቧዎች እንድፈትሽ ታዘዝኩ። አብረውኝ እንዲዞሩ የተመደቡት አቶ ገዛኸኝ የሚባሉ፣ ጡረታቸው የተቃረበ የውሃ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። ከመሬት በታች ያለውን ቧንቧ ሁሉ እንደ ሰፈራቸው መንገድ ያውቁታል። ትልቅ የብረት መክፈቻ በትከሻቸው ተሸክመው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ከፍተው ውሃው ሲፈነጥቅ፣ «ይኸው፣ ይተነፍሳል!» ይላሉ። እኔ ቅጹ ላይ «ይሠራል» ብዬ እጽፋለሁ፤ ሁለታችንም እንፈርማለን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ብቻ ቀረን፤ እሪ በከንቱ ሰፈር፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ያለው። አፋፉ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደ። ሳምቡሳ በምትጠብስ ሴት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጠለልን። እትዬ ዘይነባ ይሏታል። የምስር ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ቃሪያው ይለበልባል፣ ትኩስነቱ መዳፌን አሞቀው። ቁልቁል ስመለከት መንገዱ ጭቃና የሚያንሸራትት ድንጋይ ነው። ጉልበቴ ደግሞ በክረምት እንደ በሰበሰ ጥርስ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

«ምን ልታዩ ነው በዚህ ዝናብ?» አለች።

«ታች ያለውን የእሳት አደጋ ቧንቧ» አሏት አቶ ገዛኸኝ።

«ውይ፣ እሱ እኮ ታች ቤቴ ደጅ ላይ ነው! ውሃ ሲወጣው አይቼ አላውቅም። ውረዱና እዩልን እንጂ፣ ወንድሜ።»

አቶ ገዛኸኝ መክፈቻቸውን አነሱ። «እንውረድ፣ አሥር አለቃ?»

«ሌላ ቀን እናየዋለን፣ አባባ። ሌሎቹ ሁሉ ሠርተው የለ? ነገ ሪፖርቱን ማስገባት አለብኝ።»

ትንሽ አመነቱ። እዚያው እንደቆምኩ «ይሠራል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሳቸውም ፈረሙ። እትዬ ዘይነባ አንድ ሳምቡሳ መረቀችልኝ።

ሌላ ቀን ያልኩት ቀን ሳይመጣ ጥር ገባ። ከምሳ በኋላ ከቢሮዬ መስኮት ጥቁር ጭስ አየሁ። ቡታጋዝ ፈንድቶ እሪ በከንቱ እየነደደ ነው አሉ። እያነከስኩ ወረድኩ። የእሳት አደጋ መኪናው የያዘውን ውሃ ጨርሶ ሠራተኞቹ ቧንቧው ላይ ይረባረባሉ። ተከፈተ። እንደ ሽማግሌ ሳል ያለ ድምፅ አሰማ፣ ዝገት የቀላቀለ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

እትዬ ዘይነባ ሽባ አባቷን አዝላ ስትወጣ አየኋት። መንገድ ዳር አስቀመጠቻቸው፣ ሻርፗን አለበሰቻቸውና ተመልሳ ገባች። ጮህኩ፤ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ግን የራሴን ድምፅ እኔም አልሰማሁት። ጣራው ወደቀ። ለምን እንደተመለሰች የሚነግረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

በሦስተኛው ቀን አቶ ገዛኸኝ በአሻጥር ተጠርጥረው ታሰሩ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ሰው ያስበላ ነበር። አለቃዬ ሻምበሉ ጠራኝና፣ «ሽማግሌው ነው ያሳሳተህ። ለአገር የደማ ሰው አይዋሽም። እንደዚያ ብለህ ጻፍ» አለኝ።

«እሺ፣ ጓድ ሻምበል» አልኩና ጻፍኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ጠዋት የአቶ ገዛኸኝ ባለቤት የስንቅ ሳህናቸውን እንደያዙ ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሊለምኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። «ገዛኸኝ ጉልበቱን እንዴት አደረገው ብለሽ ጠይቂልኝ ብሎኝ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳህናቸውን አቅፈው ወረዱ።

ምሳ ሳልበላ ሁሉንም ጻፍኩት፤ አንወርድም ያልኩት እኔ መሆኔን፣ ቧንቧውን ማናችንም እንዳላየነው። ሻምበሉ አንብቦ፣ «ራስህን አጠፋህ» አለኝ። ዘጠኝ ቀን አሰሩኝ፤ ቁስሌ አስፈታኝ፤ መዝገብ ቤት ወረወሩኝ። አቶ ገዛኸኝ ግን የተፈቱት ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ቀጥረውኝ ሄድኩ። ከስተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

«መርማሪዎቹ ጥፋተኛ ነህ ሲሉኝ አልካድኳቸውም፤ ለምን መሰለህ?» አሉኝ። «ጉልበቱን የታመምከው አንተ ነህ። እኔ ደህና ነበርኩ። አንተ ቁጭ በል፣ እኔ ወርጄ ልምጣ ማለት እችል ነበር።»

ማኪያቷችን ሳይነካ በረደ።

እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው። እኔ ከመዝገብ ቤት ወጥቼ ሠላሳ ዓመት ያህል መረመርኩ። ጣራ ላይ የሚወጣ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ተቆጣጣሪ ተብዬ ተመሰገንኩ። ሰዉ ትጋት ይለዋል፤ እኔ ግን የሚያስወጣኝም የሚያስገባኝም ፍርሃት እንደነበር አውቃለሁ። አሁን በስተርጅና እንቅልፍ የሚነሳኝ እሳቱ አይደለም። ያ የሐምሌ ከሰዓት ነው። ማንም ክፉ ያላሰበበት፣ ተሳስቀን የበላንበት ከሰዓት። ቅጹን አጥፌ ኪሴ ከከተትኩ በኋላ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩ ሁሉ ያበራል፤ ታች የእትዬ ዘይነባ በር ወለል ብሎ ይታያል። ያኔም ቢሆን መውረድ እችል ነበር።