ቆርቆሮ ላይ የተሰጣው ባትሪ

ቡታጅራ ውስጥ «ሙስተፋ ራዲዮ» ሲባል የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ዕድሜው ስድሳ ሦስት ነው፤ አርባውን ያሳለፈው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ሲገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቀርባት ሱቅ ውስጥ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም ነው። በልጅነቱ መርካቶ አጎቱ ዘንድ ጨርቅ እንዲሸጥ ተልኮ ነበር። እሱ ግን ጨርቁን ትቶ ፊት ለፊት ያለውን ራዲዮ ጠጋኝ ሲያይ ይውል ስለነበር፣ አጎቱ «ይሄ ልጅ ለንግድ አልተፈጠረም» ብሎ መልሶ ሰደደው። ለጉራጌ ልጅ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም። ሙስተፋ ስድቡን ዋጥ አድርጎ፣ በመሳፈሪያው ብር መበየጃ ገዛና የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ አገሩ ገባ።

የሚመካበት አንድ ነገር ነበረው። አርባ ዓመት ሙሉ ለደንበኛ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ አያውቅም፤ አላበላሸማ! ስልክ መጥቶ ራዲዮን ሲያስረሳ፣ ከጎኑ የስልክ ጥገና የከፈተችው ባሂራ ሱቅ በሰው ሲጨናነቅ የእሱ ሲቀዘቅዝ፣ የቀረው ሀብት ይሄ ስሙ ብቻ ነበር። ሚስቱ «ዝጋውና እረፍ» ስትለው፣ «ስሜን ማን ይጠብቅልኛል?» ይላታል። እሷም ስም ወጥ አይሆንም ብላ ትስቃለች።

ባለፈው ጥር አንድ ረቡዕ ጠዋት የባጃጅ ሹፌሩ ራምዚ ከጫማ የማትበልጥ መኪና ታቅፎ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ሙስተፋ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ምንድን ነው እሱ? ባጃጅህ ወለደች እንዴ?»

ራምዚ ሳቀ። በሪሞት የምትነዳ የድሪፍት መኪና ናት አለው። ጎማዋ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ መሬት አይቆነጥጥም፤ ኩርባ ላይ ቂጧን ጥላ በጎን ትንሸራተታለች፤ ጨዋታው ሳትዞርና ሳትገጭ ማንሸራተት ነው። የቡታጅራና የወልቂጤ ወጣቶች ቅዳሜ ቅዳሜ የሠርግ አዳራሹ ሊሾ ላይ ይገናኛሉ። የራምዚ መኪና የጀማሪ ስለሆነች ግማሽ ዙር ሳትሄድ ትደክማለች፤ መሳቂያ ሆናለች።

«ወንድሜ ከመርካቶ አዲስ ሞተርና ሁለት ሊትየም ባትሪ ላከልኝ። ባሂራ ጋ ወስጃት፣ ሞተር የጋሽ ሙስተፋ ነው ብላ ላከችኝ። ለቅዳሜ ትደርሳለች?»

«አስቀምጥና ሂድ» አለ ሙስተፋ፣ ኩራቱን ለመደበቅ መነጽሩን እየወለወለ። ራምዚ አንዱን ባትሪ ትቶለት ሌላውን ይዞ ወጣ።

ሙስተፋ አሮጌውን ሞተር ፈትቶ ቢያየው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦኑ አልቋል። አዲሱ ካርቦን የሚባል የለውም፤ ሦስት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ ኃይል የሚሰጠው የራሱ መቆጣጠሪያም አብሮት መጥቷል። የሞተሩና የጎማው ዘንግ ጥርሶች እንዳይፋጩም እንዳይላሉም የደብተር ወረቀት ቀዶ በመሃላቸው አስገባ፤ ብሎኑን አጠበቀና ወረቀቱን ሳበው። ሽቦዎቹን በየደ። ሪሞቱን ሲጫን መኪናዋ ወደ ኋላ ተፈተለከች። ሙስተፋ ብቻውን ሳቀ። እንሴኖ ከተማ የእህል ወፍጮ ሞተር እንዲህ ወደ ኋላ ሲዞር ስንት ጊዜ አቃንቷል! ከሦስቱ ሽቦ ሁለቱን አቀያየረ፤ ወደ ፊት ሄደች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሚስቱ ብታይ ኖሮ ዓመት ትስቅበት ነበር። የሱቁ በረንዳ ሊሾ ነው፤ ሽማግሌው ሪሞት ይዞ እስከ አስር ሰዓት መኪና ሲያንሸራትት ዋለ። የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ከመጣበት ቀን ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። መኪናዋ ቀስ አለች፣ እሱ አላቆመም፤ ጭርሱኑ ቀጥ እስክትል ነዳት። ባትሪውን ቻርጀር ላይ ሲሰካው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ አልቀበልም አለ።

ለደከመ ባትሪ መድኃኒቱን የመስቃን አገር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ያስተማረውም እሱ ነው። የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲያልቅ ቀን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ፤ ማታ ራዲዮው ዜናውን እንደገና ያወራል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ባትሪውን የሱቁ ቆርቆሮ ላይ አስጥቶ ሥራው ገባ።

ዙህር ሰግዶ ሲያወርደው ባትሪው አብጦ ነበር። የጥፍር ቀለም የመሰለ ሽታ ይሸታል። ባሂራ ከደጇ አየችውና ጮኸች።

«ጋሽ ሙስተፋ፣ በአላህ ያርቁት! ይቀጣጠላል እኮ! አሸዋ ውስጥ ይቅበሩት። ፀሐይ ላይ ነበር እንዴ?»

«አይ» አለ ሙስተፋ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም ገረመው። «ከፋብሪካው ነው።»

አሸዋ ውስጥ ቀበረው። የፈራው ግን እሳቱን አልነበረም። አርባ ዓመት የጠበቀው ስም በአንዲት የኪስ ቦርሳ በምታክል ባትሪ ሊሄድ ነው። ውሸት አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ወንድም ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ራምዚ ሲመጣ ውሸቱን ደገመው።

«ሞተሩ ተገጥሟል። ባትሪው ግን ሲመጣም የተበላሸ ነው። የቻይና ዕቃ።»

ራምዚ ለአፍታ እንኳ አልተጠራጠረም። «እርስዎ ካሉ አበቃ። ችግር የለም፣ ሁለተኛው ባትሪ እኛ ቤት አለ። ቻርጅ አድርጌ ሞልቼዋለሁ፤ እናቴ ደግሞ ለቅዳሜ ይበርታ ብላ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮ ላይ አስጥታልኛለች። ያው የእርስዎን ዘዴ።»

ሙስተፋ ብድግ አለ። «ባጃጅህን አስነሳ!»

በመንገድ ላይ ራምዚ ዘወር ብሎ ባየው ቁጥር «ፍጠን» ይላል። የራምዚ እናት ከድጄ በርበሬ ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ከተማው ጠርዝ ላይ ነው። ሲደርሱ ግቢው ውስጥ ተቀምጣ በርበሬ ትለቅማለች። ከቤቱ ጎን የጭድ ክምር ቆሟል፤ ባትሪው ከክምሩ በላይ፣ ቆርቆሮው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ከድጄ፣ ከዚያ ተነሺ!»

መሰላሉን ራምዚ ሳይቀድመው ራሱ ወጣው። ጉልበቱ እንዴት እንደታዘዘለት አላህ ያውቃል። ባትሪው ሆዱ መነፋት ጀምሯል፤ ይፋጃል። በኮቱ ጠቅልሎ ወረደ፣ ለልስን በተቆለለው አሸዋ ውስጥ ቀበረው፤ ከዚያ እዚያው አሸዋው አጠገብ ቁጭ አለ።

«ምን ሆነሃል?» አለች ከድጄ። «ፀሐይ ያበረታዋል ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህ?»

«እኔ ነኝ። ያ ለባትሪ ድንጋይ ነው። ይሄ ሌላ ነው፤ ፀሐይ ያቃጥለዋል። አላወቅኩም።» ቀና ብሎ ራምዚን አየው። «ሱቅ የተውክልኝንም ባትሪ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ፋብሪካው አይደለም። ዋሽቼሃለሁ። ሁለቱንም እተካልሃለሁ።»

ራምዚ አንገቱን ደፋ። እሱ ነበር ያፈረው የሚመስለው። ከድጄ ግን የጭዱን ክምር አየች፣ ቤቷን አየች፣ ሙስተፋን አየች።

«ብትዘገይ ኖሮ ቤቴ ነዶ ነበር» አለች። «ስምህ ማደሪያ ይሆነኝ ነበር?»

ከዚያ ቤት ገብታ ውሃ አመጣችለት፤ ጠጣ።

የቅዳሜውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። መኪናዋ በአዲሱ ሞተርና ድሮ በነበራት አሮጌ ባትሪ ውድድሩ ገባች። ጉልበቷ ሙሉ አልነበረም፤ ሆኖም ኩርባውን ሁሉ ቂጧን ጥላ ዞረች፣ ከስድስት መኪና ሦስተኛ ወጣች፣ መሳቂያነቱም ቀረ። ሙስተፋን ራምዚ ራሱ በባጃጁ ወስዶት ከፊት አስቀመጠው።

ሐሙስ ዕለት ግን ሙስተፋ ከከድጄ ቤት ሲመለስ ወደ ሱቁ አልገባም። በቀጥታ ባሂራ ጋ ሄደ። ደንበኞቿ ተደርድረው ቆመዋል።

«ፀሐይ ላይ ነበር» አላት፣ ሁሉም እየሰማ። «ዋሽቼሻለሁ። አሁን አንድ ወረቀት በኮምፒዩተር ጻፊልኝ፤ የሱቄ በር ላይም መናኸሪያው ላይም እለጥፈዋለሁ።»

ባሂራ ጽፋ አነበበችለት። «የስልክ፣ የእጅ መብራትና የመጫወቻ ሊትየም ባትሪ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ይቀጣጠላል።»

«እኔ ሙስተፋ ራዲዮ ተሳስቼ ነበር በይበት።»

ልጅቷ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። «ጋሽ ሙስተፋ፣ ስምዎን ለምን? ማስጠንቀቂያው ይበቃል እኮ።»

«አይበቃም» አለ። «በስሜ ነው ያሰጡት። ስሜን ካላዩ አያወርዱትም።»