ሦስቱ ሰርቨሮች የተስማሙበት ስም

የሥራ ባልደረባዬን «ዘበኛዋ» እንላታለን። በር ላይ ቆማ አይደለም፤ ጠረጴዛዋ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው። በዚህ ሆስፒታል ግን ማን ኮምፒውተር ከፍቶ እንደሚገባና ማን እንደማይገባ በእሷ እጅ ነው። ዋናው ሐኪም እንኳ የይለፍ ቃላቸው ሲጠፋቸው እየተሽኮረመሙ ይመጣሉ። እሷም «ዛሬ ደግሞ ማን ነኝ ሊሉኝ ነው?» ትላቸዋለች።

የሠራተኛው ስም ሁሉ የተቀመጠው ሰርቨር በሚባሉ ሦስት ዋና ኮምፒውተሮች ላይ ነው። አንዱ ላይ የተጻፈው ወዲያው ሁለቱ ላይም ይገለበጣል፤ አንዱ ቢታመም ሌሎቹ እንዲሠሩ። ያን ቀን ጠዋት ግን «ችኩሉ» የምንለው ቴክኒሻን አንዱን ሰርቨር ትንሽ ልጠግን ብሎ፣ የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ ሳያነብ «እሺ፣ እሺ» ሲል፣ ሰርቨሩ ማንም ያላዘዘውን አዲስ የፕሮግራም ሥሪት ጭኖ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ከሁለቱ ጋር መነጋገር ተወ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰው ችኩሉ፣ የለቀመችው እሷ ናት። ይህን ሳስብ እስካሁን እናደዳለሁ።

ኮሪደሩ በነርሶች ተሞላ። ግማሹን ኮምፒውተሩ ያስገባዋል፣ ግማሹን «አላውቅህም» ይለዋል። እሷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ መፍትሔውን ነገረችን፤ ያበደውን ሰርቨር ባዶ አድርጎ ከጤነኞቹ ካንዱ እንደገና መሙላት። ክፋቱ፣ ከጠዋት ጀምሮ እሱ ላይ ብቻ የተመዘገበው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከማጥፋቷ በፊት የጠዋቱን ለውጥ አንድ በአንድ አነበበች፤ በኋላ በእጇ ልትመልሰው።

የይለፍ ቃል የለወጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። አንዲት አዲስ አዋላጅ ተመዝግባለች። ከዚያ አንድ የተዘጋ ስም መጣ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። የሰው ኃይል ክፍል ያገደው የመድኃኒት መጋዘን ሠራተኛ ታናሽ ወንድሟ ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ፣ እዚህም ያስቀጠረችው እሷ ናት። ጠዋት አብረው ሲመጡ ምንም አልነገራትም። ከመጋዘኑ የሕመም ማስታገሻ መጉደሉን ሁላችንም ሰምተናል፤ ጣት የተቀሰረው በማን ላይ እንደሆነ ግን አናውቅም ነበር።

ሰርቨሩን አጥፍታ ሞላችው። ነርሶቹ ገቡ፣ ኮሪደሩ ጸጥ አለ። የይለፍ ቃል የለወጡት እንዲደግሙት አስነገረች፣ አዋላጇን መልሳ መዘገበች። የወንድሟ ስም ጋ ስትደርስ እጇን ከቁልፍ ሰሌዳው ላይ አነሣች። ሰርቨሩ የተሞላው የጠዋቱ እገዳ ካልደረሰው ቅጂ ስለሆነ፣ ስሙ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ክፍት ሆኗል። የሰው ኃይል ክፍል ዘግተነዋል ብሎ ረስቶታል። ከእኛ ከሁለታችን በቀር ያየ የለም፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ እንድትተወው ፈልጌ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። ወንድሟ ነው፤ ዕቃ እስኪያስረክብ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«እታለም፣ ተከፈተልኝ እኮ። አንቺ ነሽ አይደል? እንደማትጨክኚብኝ አውቅ ነበር።»

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ቁጥሩን ላስተካክለው ነው። ግማሽ ሰዓት ብቻ ተይልኝ፤ ከዚያ ጎደለ የሚል አይኖርም።»

«ወስደሃል?»

«እማዬ ብትኖር እኮ...»

«እሷን ተዋት» አለችው።

ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በሁለት እጇ ጻፈች። አንዱ ሰርቨር ላይ ዘጋችው። ወደ ሁለተኛው ሄዳ አየች፤ ተዘግቷል። ሦስተኛውም ላይ ተዘግቷል።

«ኮምፒውተሩ አስወጣኝ» አለ ወንድሟ። «እታለም፣ ማነው የዘጋብኝ?»

«እኔ ነኝ።»

አለቃችን በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ። ኮሪደሩ ጸጥ በማለቱ ደስ ብሎታል። «እህሳ፣ ሦስቱ መነጋገር ጀመሩ?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ጀምረዋል» አለችው። «አሁን ሞከርኩት።»