የጳጉሜ ልጆች ቀጠሮ

ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሚዛን ከተማ ውስጥ፣ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች ሁለት ክፍል ቢሮ፣ ከአንዲት ወጣት ባልደረባዬ ጋር እሠራለሁ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እናታቸው ምን እንደምትሠራ ሲጠየቁ «ኮምፒውተር ትመክራለች» ይሉ ነበር። ከዚህ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከምንጠብቃቸው ፕሮግራሞች ሁሉ አንዱን አስበልጣለሁ። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የሚሠራበት ነው። ልጅ ሲወለድ ነርሷ ቀኑን ታስገባለች። ፕሮግራሙ ይቆጥርና የአርባ አምስት ቀኑ ክትባት ሲቃረብ ለእናትየው በስልኳ መልእክት ይልካል። ክትባቱ የሚሰጠው ሐሙስ ሐሙስ ስለሆነ የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ይነግራታል፤ ሌላ ነገር አይልም። ፕሮግራሙን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ጽፈውት ሄደዋል፤ እኛ ተረክበን እናኖረዋለን።

ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ብዙም ሳይቆይ፣ ሰርቨሩን፣ ማለት ፕሮግራሙ የሚኖርበትን ኮምፒውተር፣ የሚያከራዩን ሰዎች አንድ ነገር አስታወቁን። ፕሮግራማችን የተጻፈበት የኮምፒውተር ቋንቋ ቨርዥኑ፣ ማለት እትሙ፣ አርጅቷል፤ ጠባቂ የለውም፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ከሰርቨሩ ይነሣል። ወደ አዲሱ ካልተሻገርን ፕሮግራሙ ይቆማል ማለት ነው።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ብቻውን አይቆምም። በተጻፈበት ቋንቋ ላይ ይደገፋል። ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለዓለም በነፃ በተዉአቸው ትንንሽ ኮዶች ላይም ይደገፋል፤ እነዚያም ደግሞ መልሰው በቋንቋው ላይ ይደገፋሉ። ታችኛው ሲነካ የላይኛው ሁሉ ይነቃነቃል። የእኛ ፕሮግራም ለምሳሌ ቀን መቁጠር አያውቅም። የእኛን ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ የሚለውጥለት፣ የት አገር እንደሚኖር የማናውቀው አንድ ሰው የጻፈው ኮድ ነው። ሰውየውን አይተነው አናውቅም። ቴፒ የምትባል ከተማ እንዳለችም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጊዜው አስጨንቆኝ ነበር። ጥቅምት በእኛ አገር ቡናው የሚቀላበት ነው። እናቶች ለቀማቸውን ትተው፣ ልጅ አዝለው፣ ጭቃ ረግጠው ነው ጤና ጣቢያ የሚደርሱት። በማይሆን ቀን የመጣች እናት ቀኗን አጥታ፣ ልጇንም ሳታስከትብ ትመለሳለች። ደግሞ የጽጌ ጾም ነበር። እመቤታችን ልጇን አዝላ በበረሃ የተንከራተተችበት የሚታሰብበት ጊዜ ነው። ሥራውን ስጀምር አማተብኩ፤ ያን ያህል ብቻ ጸለይኩ።

እውነተኛውን ፕሮግራም አልነካንም። ቅጂውን ወስደን ቋንቋውን ወደ አዲሱ ቨርዥን አሻገርነው፤ ከዚያ እስከ ዛሬ የተመዘገቡትን ልደቶች በሙሉ እንደ አዲስ እንዲቆጥር አዘዝነው። መብራት ነበረ፣ ተመስገን። እኔ ቆሎ እየበላሁ ስጠብቅ ባልደረባዬ ከወንበሯ ሳትነሣ፦

«እትዬ፣ ሞተ» አለችኝ።

«ማን?»

«ቅጂው። መቁጠር ጀመረና ቀጥ አለ።»

ሄጄ አየሁ። አዲሱ ቨርዥን ወር ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት መሆን እንዳለበት ይናገርና አንዲት የልደት ቀን አልቀበልም ይላል። ያችን ዘለልን። ጥቂት ሄደና በሌላ ቆመ። እሷንም ዘለልን፤ በሌላ ቆመ። የቆመባቸው ልጆች ሁሉ የተወለዱት በጳጉሜ ነበር።

ባልደረባዬ ሳቀች። «የፈረንጅ ነገር። ጳጉሜን የት ያውቃታል።»

«አሮጌውስ ያውቃት ነበር?» አልኳት።

ሳቋን ተወችው። አሮጌውን ከፍተን የጳጉሜ ሦስት ልጅ ሰጠነው። ያለ አንዳች ቃል ተቀበለ። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል «የሚቀጥለው ዓመት አንደኛ ወር» ብሎ ይወስደው ኖሯል። ጳጉሜ ሦስት የተወለደውን ልጅ መስከረም ሦስት የተወለደ ያደርገዋል። አምስት ቀን ዘግይቶ ይቆጥራል፤ ያም አብዛኛውን ጊዜ እናትየውን ከትክክለኛው ሐሙስ አሳልፎ ለሚቀጥለው ይቀጥራታል።

«ይኼን ሁሉ ዓመት ሲዋሽ ነበራ» አለች።

«አልዋሸም። እምቢ ማለት አያውቅም ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አዲሱም ጳጉሜን አያውቃትም። አለማወቁን ግን ያውቃል፤ ስለዚህ ከመገመት መቆምን መረጠ። አንድ ቦታ ያሉ ሰዎች፣ ጳጉሜ የምትባል ወር ሰምተው የማያውቁ፣ «ያልገባው ነገር ሲመጣ እምቢ ይበል» ብለው ወሰኑ። ውሳኔያቸው ተጉዞ ተጉዞ በቴፒ መንገድ ዳር የተወለዱ ሕፃናት ዘንድ ደረሰ። ማን ላከው ብዬ አልጠየቅኩም። የማመሰግነውን አውቃለሁ።

ነርሷ ዘንድ ደወልኩ። የዕድሜ እኩያዬ ናት፤ ብዙ ዘመን ተዋውቀናል።

«ሲስተር፣ በጳጉሜ የወለዱ እናቶች ለክትባት እንዴት ናቸው?»

«እነሱን ተያቸው» አለችኝ። «ሳምንት አሳልፈው ነው የሚመጡት። ጳጉሜ የወለደች ሴት ቀን ይጠፋባታል እያልን እንስቃለን። ከካቻምና ወዲህ ግን አንዳንዶቹ በቀናቸው መምጣት ጀምረዋል። ስቆጣቸው ልብ ገዙ መሰለኝ።»

«ሲስተር፣ ቀን የጠፋባቸው እነሱ አይደሉም። መልእክቱ ነው ያዘገያቸው።»

ከበስተጀርባዋ ሰው ሲያስል ይሰማ ነበር።

«ስንቷን ተቆጣሁ» አለች። ቀጥላ፦ «የአሁኖቹስ? ባለፈው ጳጉሜ ያዋለድኳቸው አሉ እኮ። ቀናቸው ደርሷል።»

ድምፁ ይሰማት የነበረችው ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ። «የወንድሜ ሚስት አለችበት» አለች። ባልደረባዬ የሸኮ ልጅ ናት፤ የወንድሟ ቤት ከዚያው ጤና ጣቢያ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየነውን ነገር ዛሬም ሳስበው እጄን አፌ ላይ አደርጋለሁ። ቀን የሚለውጠውን ኮድ የጻፈው ያ የማናውቀው ሰው ጉድለቱን አውቆታል። ካስተካከለውም ቆይቷል። በአዲሱ ሥራው ጳጉሜ ራሷን ችላ ቆማለች፤ ስድስት የምትሆንበት ዓመት እንኳ አልተረሳም። እርማቱ ግን ለአዲሱ የቋንቋው ቨርዥን ብቻ የተሠራ ነበር። እኛ አሮጌው ላይ ስለቆየን አልደረሰንም። ስጦታው ደጃችን ላይ ተቀምጦ በሩ እስኪከፈት ሲጠብቅ ኖሯል።

የእሱንም አዲሱን ቨርዥን አመጣን። ቅጂውን እንደገና አስጀመርነው። የጳጉሜን ልጆች አንድ በአንድ፣ ሳይቆም፣ በየቀናቸው ቆጥሮ ጨረሰ። ባልደረባዬ ጥቂቶቹን መርጣ ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በጣቷ ቆጠረች። ልክ ነበሩ። ማክሰኞ ጠዋት እውነተኛውን ፕሮግራም አሻገርነው፤ ለዚያ ሰሞን የጳጉሜ ልጆች እናቶችም መልእክቱ ሄደ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይላል። «ተመስገን» አልኩና ቦርሳዬን አነሣሁ።

ባልደረባዬ ለወንድሟ ሚስት ደወለች። በሸኮኛ ነው የሚያወሩት፤ እኔ ከሳቃቸው በቀር አይገባኝም። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ባልደረባዬ ዝም ብላ ታዳምጥ ጀመር። ከዚያ ግንባሯን ያዘች።

«ምነው?» አልኳት፣ ስልኩን ስትዘጋ።

«መልእክቱ ደርሷታል።»

«ታዲያ?»

«ከነገ ወዲያ ልትሄድ ነው። የዚህን ሳምንት ሐሙስ።»

«የሚቀጥለው ሳምንት ነው እኮ የሚለው።»

«ጎረቤቷ መክራታለች። ለጳጉሜ ልጅ የሚመጣ መልእክት አንድ ሐሙስ ይዘገያል፤ ከሚልሽ ሐሙስ በፊት ባለው ሂጂ ብላታለች። ዳገቱ ላይ ያሉት ሴቶች አሁን ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥኩ። ሲስተር ልብ ገዙ ያለቻቸው እነዚህ ነበሩ። ባልደረባዬ እንደነገረችኝ፣ ያቺ ጎረቤት ሳምንት ዘግይታ ሄዳ ተቆጥተዋታል፤ የእህቷም ነገር እንዲሁ ሆኗል፤ ሁለቱ ቁጭ ብለው ልጆቻቸው የተወለዱበትን ወር አስተያይተዋል። ከዚያ ለሌላዋ ተናግረዋል፤ ሌላዋም ለሌላዋ። ከእኛ ቀድመው አርመውት ኖሯል። አሁን ሁለቱ እርማቶች ሲገናኙ ስሕተት ሆኑ። የአሁኖቹ እናቶች ሐሙስ ልጆቻቸውን አዝለው ይወርዳሉ፤ ሲስተር «ገና ናቸው» ትላቸዋለች፤ ይመለሳሉ። ሁለተኛ ይመጣሉ ብዬ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

«ሌላ መልእክት እንላክላቸው። ታርሟል ብለን» አልኩ።

«እትዬ፣ ስልኩን አያምኑትም እያልኩሽ በስልክ?»

እውነቷን ነው። ፕሮግራሙን አሻገርነው፤ በፕሮግራሙ የሚደገፉት ሴቶች ግን አሮጌው ላይ ነበሩ። እነሱን የሚያሻግር ትእዛዝ ኮምፒውተር ላይ የለም።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድን። ከዋናው መንገድ ወርደን ዳገቱን በእግር ወጣን። ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ ጠዋት አቁሞ ነበር። ጎረቤቲቱን ከቡናዋ መሃል አገኘናት፤ ወገቧ ላይ ቅርጫት አስራ ቀዩን እየመረጠች ትለቅማለች። ባልደረባዬ በሸኮኛ ነገረቻት። ሴትየዋ እጇን ሳታቆም አዳመጠችና ለእኔም እንዲገባኝ ብላ በአማርኛ መለሰች።

«ስልኩ ታረመ? ማን አለ?»

«እኔ ነኝ ያረምኩት» አለች ባልደረባዬ።

ሴትየዋ አሁን ገና ዞራ አየቻት። «አንቺ? በልጅነትሽ አፍንጫሽን የጠረግኩልሽ?»

«እኔ። ከእሳቸው ጋር።»

እኔን አየችኝ። «እርስዎ እናት ነዎት?»

«ነኝ» አልኳት።

«ይህን ዳገት በሚወርዱት ሴቶች እግር ይምላሉ?»

መማል ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም። «አልምልም» አልኳት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቆጥረነዋል። ልክ ነው።»

አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ ለቅማ ለቀቀችው።

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች። «እኔ ነኝ አንድ ሐሙስ ቀንሱ ያልኳቸው፤ እኔው አትቀንሱ እላለሁ። ከዋሸ ግን» ብላ ወደ ባልደረባዬ ጣቷን ቀሰረች፣ «አንቺ ቤት ነው የምመጣው። ሚዛንም ብትሆኚ።»

«ነይ፣ ምሳ አበላሻለሁ።»

«በምሳ አትደልዪኝ።»

ቁልቁለቱን ያዝን። ከኋላችን ሴትየዋ ከቡናው ውስጥ ማዶ ላለች ሰው ስትጣራ ይሰማን ነበር። ሌላ ድምፅ መለሰላት፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ሌላ። ለማዳመጥ ቆምን። ባልደረባዬ፣ ወሬው እየሄደ ነው አለችኝ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሲስተር ደወለች። «የጳጉሜ እናቶች አንዲትም አልመጣችም» አለችን። ማንም ስላልመጣ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም። ሳምንቱን ግን በስጋት ነው ያሳለፍኩት። አለፈን ብለው ጨርሰው ቢተዉትስ? እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ያሰብኩት እነሱን ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ መብራት ሄዶ ነበር፤ ሥራ የለም። ሁለታችንም ግን ከቢሮ አልወጣንም። ባልደረባዬ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጣ መስኮቱ ጋ ቆመች። ስልኩ ሲጮህ እኔ ቀድሜ አነሣሁት።

«መጡ» አለች ሲስተር። «ያቺ የዳገቷ ሴት እየመራቻቸው። ራሷ የሚከተብ ልጅ የላትም፤ ዝም ብላ ይዛቸው መጣች። ያኔ ተቆጥቼሽ ነበር አልኳት። ልጄን ወግተሽልኝ የለ ወይ ብላ ዝም አሰኘችኝ።»

«ሁሉም መጡ?»

«ሁሉም። ቆይ፣ ስሚ።»

ስልኩን ወደ ልጆቹ አዞረችው መሰለኝ። አንዱ ሲጮህ ሌላው ተከተለ፤ ሦስተኛው ተቀበለ። ባልደረባዬ መጥታ ጆሮዋን ከጆሮዬ አስጠጋች።

«የወንድሜ ልጅ ያ ባለ ወፍራም ድምፁ ነው» አለች። «ለየሁት።»

እንደማትለየው አውቃለሁ። ግን ስልኩን ሰጠኋት።